ነጥቦቹን አትቁጠሩ

«የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ቀለም እንዳለው ለማወቅ መዝገበ ቃላት ግለጡ፣ በቃሉ መሐል ያሉትን ነጥቦች ቁጠሩ፣ አንድ ጨምሩ።» እንግሊዝኛ እናስተምራለን በሚሉ ቪዲዮዎች ይህ ምክር ሲደጋገም መስማት ያታክታል። የሜሪያም-ዌብስተርን ኮሌጂየት መዝገበ ቃላት ክፈቱና «አይዲያ»ን ፈልጉ፤ አንድም ነጥብ የለበትም። በምክሩ ከሄድን ባለ አንድ ቀለም ሊሆን ነው። አፉን የከፈተ ሁሉ ግን ሦስት ይቆጥራል፦ አይ፣ ዲ፣ ያ።

ነጥቦቹ የተቀመጡት ለተናጋሪ ሳይሆን ለአታሚ ነው። መስመር ሲያልቅ ቃሉን በጭረት የት መስበር እንደሚቻል ይጠቁማሉ፤ መዝገበ ቃላቱም በመግቢያው ይህንኑ ይናገራል። አንዲት ፊደል ብቻዋን መስመር ጫፍ ላይ ስትንጠለጠል አታሚ ስለማይወድ፣ ከመጀመሪያዋ «አይ» ጎን ነጥብ አልተደረገም። አነባበቡን የሚያሳየው ከቃሉ ቀጥሎ ያለው የድምፅ ጽሕፈት ነው። (በግእዝ ፊደል ለምንጽፍ ጣጣው እንግዳ ቢሆንብን አይገርምም። የብራና ጸሐፊዎቻችን መስመሩ ሲሞላ ቃሉን ካገኙት ፊደል ላይ ቆርጠው፣ ጭረት ሳያደርጉ ወደ ታች ይወርዱ ነበር፤ ቃሉ ማለቁን ሁለት ነጥብ ይናገራላ።)

የት ይሰበር በሚለው አሜሪካኖችና እንግሊዞች እንኳ አይስማሙም። የአሜሪካ ልማድ ጆሮን ተከትሎ «ዲሞክ-ራሲ» ሲል፣ የእንግሊዝ ልማድ የቃሉን ዘር ቆጥሮ «ዲሞ-ክራሲ» ይላል፤ ክራቶስ የተባለው የግሪክ ቃል እንዳይጎመድ።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ኮምፒውተር ሥራውን የተማረበት መንገድ ነው። ፍራንክ ሊያንግ በ1983 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በዶናልድ ክኑት አማካሪነት፣ የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ጉዳይ አቀረበ። ሊያንግ የሰዋስው ሕግ ሲያረቅ አልተቀመጠም። በጭረት የተከፋፈሉ ቃላትን ከአንድ የኪስ መዝገበ ቃላት ወስዶ፣ ፕሮግራሙ ራሱ አጫጭር የፊደል ቅንጣቢዎችን እንዲለቅም አደረገ። 4,447 ወጡ። በየቅንጣቢው ፊደላት መካከል ቁጥር አለ፤ ኢ-ተጋማሽ ከሆነ «ስበር»፣ ተጋማሽ ከሆነ «አትስበር» ማለት ነው። ቅንጣቢዎች ሲጋጩ ነገሩ ጨረታ ነው፦ ትልቁን የጠራ ይወስዳል።

በጭረት መስበር ራሱ በእንግሊዝኛ «ሃይፈኔሽን» ይባላልና እሱን እንሞክረው። «ኢ» እና «ኤን» በተባሉት ፊደላት መካከል አንዱ ቅንጣቢ 1 ይጠራል፣ ሌላው 2፤ ስለዚህ አይሰበርም። አንድ ፊደል አለፍ ብለን «ኤን» እና «ኤ» መካከል ስንደርስ አንዱ በ2 ሲከለክል ሌላው በ5 ይፈቅዳል፤ ይሰበራል። ቀጥሎ «ኤ» እና «ቲ» ላይ የ1ን ፈቃድ 4 ይሽረዋል። የሚወጣው ሦስት ክፋይ ነው፦ «ሃይ-ፈን-ኤሽን»። ሊያንግ ግን በጽሑፉ ርዕስ ላይ ይህንኑ ቃል አራት ቦታ ከፍሎታል፤ የገዛ ፕሮግራሙ አይፈቅድለትም ነበር።

እነዚህ ቅንጣቢዎች ከመዝገበ ቃላቱ ጭረቶች 89 በመቶውን ያገኛሉ፣ ያውም ከሞላ ጎደል ያለ ስሕተት። ልብ በሉ፤ የሚያገኙት የአታሚን ጭረት እንጂ ቀለምን አይደለም።

ቀለሙስ? እዚህ ላይ በእኛ በሥነ ድምፅ ሰዎች ሰፈር ጭቅጭቅ አለ። የቀለማቱ ብዛት ብዙ ጊዜ አያጣላንም (ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ «ፋየር» ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሁለት ነው)። የሚያጣላን ድንበሩ ነው። «ሌመን» ሲባል «ኤም» የማን ናት? አንዳንዶች ለኋለኛው ቀለም ይሰጧታል፤ ሌሎች አጭር አናባቢ ጫና ካለበት ሳይዘጋ አይቆምም ብለው ለፊተኛው። ዳንኤል ካን በ1976 በኤም.አይ.ቲ. ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለ ተነባቢ የሁለቱም ሊሆን ይችላል ብሎ ተከራከረ። እኔ ወደ ካን አዘነብላለሁ፤ የማያዘነብሉ ባልደረቦች እንዳሉ ግን ይታወቅልኝ።

ለፕሮግራሙ ያስቸገረው ሌላ ነው። «ፕሬዘንት» ስጦታ ሲሆን አሜሪካኖች ከ«ኤስ» በኋላ ይሰብሩታል፤ «ፕሪዘንት» ተብሎ ማቅረብ ሲሆን ከ«ኤስ» በፊት። አጻጻፉ አንድ ነው፣ ፕሮግራሙም ትርጉም አያነብም። በሊያንግ ቅንጣቢዎች የሚሠራው፣ ቴክ የተባለው የክኑት የኅትመት ሥርዓት መላ አልፈጠረለትም፤ ቃሉን ከ14ቱ ልዩ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ጨርሶ እንዳይሰበር ከልክሎታል።