ስለ አጥንት መሳሳትና ስለ ጂምናስቲክ

በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ማለት ዛሬ ሸገር ከተማ ተብለው በተጠቃለሉት ከተሞች፣ ቤተሰብ ያለው ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። እናት ደጃፍ ላይ ያዳልጣትና ወድቃ የእጅዋ አንጓ ይሰበራል። ተጠግና ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ልጆቿ ተሰብስበው «እማዬ፣ ከእንግዲህ ቁጭ በይ፤ ሥራው የኛ ነው» ይሏታል። ውሳኔው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሆኖም አጥንትን የሚጎዳ ውሳኔ ነው። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት የአጥንትን ጠባይ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው አጥንትን እንደ ቤት ምሰሶ የሞተ ነገር አድርጎ ያስበዋል። ነገር ግን አጥንት ሕይወት ያለው የሰውነት ክፍል ነው። በውስጡ አፍራሽና ገንቢ ሕዋሳት አሉ፤ አፍራሾቹ ያረጀውን እየቦረቦሩ ያነሣሉ፣ ገንቢዎቹ በቦታው አዲሱን ይሞላሉ። በጎልማሳ ሰው ዘንድ በየዓመቱ ከጠቅላላው አጥንት 10 በመቶ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ይታደሳል። እስከ 30 ዓመት ገደማ ገንቢው ይበረታል፤ ከዚያ ወዲያ አፍራሹ ቀስ በቀስ ያሸንፋል። ሴቶች የወር አበባቸው ሲቆም ደግሞ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ፍርሻው ይፋጠናል፤ በሚከተሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ እስከ 20 በመቶ የሚሆን አጥንት ሊጠፋ ይችላል። ሐኪሞች ኦስትዮፖሮሲስ፣ በአማርኛ የአጥንት መሳሳት፣ የሚሉት የዚህን የከፋ ደረጃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ባወጣው ውሳኔ መሠረት የአጥንቱ ጥግግት ከጤናማ ወጣት አማካይ በ2.5 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ያለ ሰው በሽታው አለበት ይባላል። መለኪያው ዴክሳ የሚባል የራጅ መሣሪያ ሲሆን በአገራችን ብዙዎቹ ሐኪም ቤቶች የላቸውም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ እናቶቻችን በሽታው እንዳለባቸው የሚያውቁት ከተሰበሩ በኋላ ነው።

እንግዲህ ገንቢዎቹን ሕዋሳት ወደ ሥራ የሚያስነሣቸው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ጭነት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ አጥንት በሚሸከመው ኀይል መጠን ቅርጹንና ጥንካሬውን እንደሚለውጥ አስረድቷል። ከዚያ በኋላ የታየው ሁሉ ይህንኑ የሚደግፍ ነው። ለብዙ ዓመታት ቴኒስ የተጫወቱ ሰዎች በ1977 ሲመረመሩ ራኬት የሚይዘው ክንዳቸው አጥንት ከሌላው ክንዳቸው ይልቅ እጅግ ወፍሮ ተገኝቷል፤ ሰውየው አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ደሙም አንድ ሆኖ ሳለ ክንዱ ብቻ ተለየ። በአንጻሩ ክብደት በማይሰማበት በጠፈር ውስጥ የሚቆዩ ሰዎች ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 በመቶ የማያንስ ያጣሉ። እናታችንን ወንበር ላይ ስናስቀምጣት በመጠኑም ቢሆን ወደ ጠፈር እየላክናት ነው ማለት ነው።

በ1984 ሩቢንና ላንየን የተባሉ ተመራማሪዎች በአውራ ዶሮ ክንፍ ላይ ያደረጉት ሙከራ ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል። ለአጥንቱ በቀን 36 ጊዜ ብቻ ጭነት ቢሰጠው ያደገው፣ 1,800 ጊዜ ቢሰጠው ከሚያድገው የተለየ አልነበረም። አጥንት ቶሎ ይሰማል፣ ቶሎም ይሰለቻል እንደ ማለት ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው ቀኑን ሙሉ የሚጎተት ድካም ሳይሆን አጭር፣ ጠንከር ያለና ፈጠን ያለ ጭነት ሲሆን በመካከሉ ዕረፍት ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። «እናቶቻችን ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲሸከሙ ኖረው ምን ጂምናስቲክ ያሻቸዋል? ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች አላያችሁም ወይ?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ግን እነዚያ ሴቶች የሚሄዱት ወገባቸው ታጥፎ፣ ለሰዓታት ሳያርፉ፣ ብዙውን ጊዜም ሳይጠግቡ ነው። ከላይ ካልነው ጋር ሲተያይ ሁሉም ተቃራኒ ነው። ሸክምን ስፖርት ነው ብሎ ማወደስ የተሸካሚዋን ድካም ካለማየት የሚመጣ የከተሜ ወሬ ይመስለኛል።

የወገብ መታጠፍ ነገር ቀላል አይደለም። አሜሪካ በሚገኘው በማዮ ክሊኒክ ሲናኪና ሚከልሰን የተባሉት ሐኪሞች በ1984 ባወጡት ጽሑፍ የአከርካሪ አጥንታቸው የሳሳ 59 ሴቶችን ተከታትለዋል። ወደ ፊት የሚያጎነብስ ጂምናስቲክ ከሠሩት መካከል 89 በመቶዎቹ አዲስ የአከርካሪ ስብራት ሲያገኛቸው፣ ጀርባን ወደ ኋላ የሚያቀና እንቅስቃሴ ከሠሩት ግን የተሰበሩት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምንም ካልሠሩት 67 በመቶ ተሰብረዋል። የሴቶቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ መቶኛውን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ያለ ዕውቀት የተሠራ ጂምናስቲክ ቁጭ ከማለትም ሊብስ ይችላል። አሁን የቤታችንን ሥራ እናስብ፤ በአጭር መጥረጊያ አጎንብሶ መጥረግ፣ ዝቅ ባለ ምድጃ ላይ እንጀራ መጋገር፣ 20 ሊትር ጀሪካን ከመሬት በጎበጠ ጀርባ ማንሣት። ለመጥረጊያው ረዥም እጀታ ማበጀት፣ ምጣዱንም ከፍ ባለ መደብ ላይ ማኖር ከብዙ መድኃኒት የሚረክስ ሕክምና ነው።

ታዲያ የሳሳ አጥንት በጂምናስቲክ ይመለሳል ወይ? በአውስትራሊያ ግሪፊዝ ዩኒቨርስቲ ተሠርቶ በ2018 የታተመው ሊፍትሞር የተባለ ጥናት እስካሁን ከወጡት ይልቅ ደፋሩ ነው። የወር አበባቸው የቆመና አጥንታቸው የሳሳ 101 ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በሳምንት 2 ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል ከባድ ብረት ከመሬት ማንሣት፣ ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ከራስ በላይ መግፋትና ዘሎ መሬት ላይ ማረፍ ሠራ፤ ሌላው በቤቱ ቀላል እንቅስቃሴ አደረገ። ከ8 ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ የወገብ አከርካሪ ጥግግት በ2.9 በመቶ ሲጨምር የሌሎቹ በ1.2 በመቶ ቀነሰ። በብረቱ ምክንያት የተሰበረ ሰው አልነበረም። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ ሴቶቹ መጀመሪያ በቀላል ክብደት ተለማምደዋል፣ እያንዳንዱም ሥራ በሠለጠነ ሰው ዓይን ሥር ተከናውኗል። 2.9 በመቶም ትንሽ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። መድኃኒት የታዘዘላት ሴት ለዚህ ብላ መድኃኒቷን መተው የለባትም።

ትልቁ ጥቅም ምናልባት ከጥግግቱ ይልቅ አለመውደቁ ነው። በ2019 የወጣው የኮክሬን ግምገማ እንደሚያሳየው ሚዛንንና የእግርን ጡንቻ የሚያሠለጥን እንቅስቃሴ የአረጋውያንን መውደቅ በ23 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ያልወደቀ አጥንት ቢሳሳም ብዙውን ጊዜ አይሰበርም። ዝም ብሎ መራመድ ግን፣ ለልብ ደግ ቢሆንም፣ የአከርካሪን አጥንት እምብዛም አያወፍርም።

ብረትና አሠልጣኝ በሌለበት ሰፈር እንኳ የሚሠራ አለ። ከወንበር እጅ ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ሲለመድ 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ደረት ላይ አቅፎ ጀርባን ቀጥ አድርጎ መድገም። ግድግዳ ይዞ በጣት ጫፍ ቆሞ ተረከዝን መሬት ላይ ጣል ማድረግ። ግድግዳን በሁለት እጅ መግፋት። በአንድ እግር መቆም። በሆድ ተኝቶ ደረትን ከምንጣፍ ቀና ማድረግ። ዳሌዋ ወይም አከርካሪዋ አንድ ጊዜ የተሰበረች እናት ግን አስቀድማ ሐኪም ታማክር። ለእኛ ለወጣቶቹ ደግሞ እግር መሬቱን የሚደልቅበት የሸዋ ረገዳ ከማናቸውም የስፖርት አዳራሽ የማያንስ የአጥንት ትምህርት ነው፤ የተማሪዎች የባህል ምሽት ሲዘጋጅ ዳር ይዘው የሚቆሙት ወንድሞቻችን ይህን ይወቁልን።

ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ ባሠራበት በሱሉልታ ማለዳ የሚሮጡት እኅቶቻችን ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ሩጫ የእግር አጥንትን ያጠነክራል። ሆኖም ሯጯ ከምትሠራው ያነሰ የምትበላ ከሆነ የወር አበባዋ ይቋረጣል፣ ኤስትሮጅኗ ይወርዳል፣ በ20 ዓመቷ የ60 ዓመት ሴት ዓይነት አጥንት ሊኖራት ይችላል። የወር አበባ መቅረት የጥሩ ልምምድ ምልክት ነው የሚል አሠልጣኝ ካለ ሊታረም ይገባዋል። ዩኒቨርስቲ ውስጥም ለመክሳት ብለው እራት የሚተዉ አሉ፤ አጥንት የሚጠራቀምበት ዘመን ግን ይኸው የእኛ ዘመን ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ጤፍ በ100 ግራም ወደ 180 ሚሊግራም የሚጠጋ ካልሲየም አለውና በጾም ወራት ወተት ሲቀር ከጎመን ጋር ሆኖ የሚረዳ ነው። ቫይታሚን ዲ የሚገኘው ደግሞ ከፀሐይ ነው። ፀሐይ በሞላባት አዲስ አበባ ይህ ይጎድላል ብሎ ማን ያስባል? ነገር ግን በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራውና በ1997 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ሪኬትስ የተባለው የአጥንት በሽታ ከሳንባ ምች ጋር ተኝተው በሚታከሙ ሕፃናት ላይ ከሌሎቹ 13 እጥፍ በበለጠ ይታይ ነበር። ፀሐይ አለ፤ ሕፃኑ ግን ተሸፍኖ ቤት ውስጥ ነው። በገላን ፋብሪካዎች ከንጋት እስከ ምሽት ጣሪያ ሥር የምትሠራ ሴትም ከዚያ ሕፃን ብዙም አትርቅም።

ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ መለኪያ መሣሪያው ባይኖርም የሚሠራ አንድ ነገር አለ። እናትን ያለ ጫማ ግድግዳ አስደግፎ ቁመቷን በእርሳስ ምልክት ማድረግና ቀኑን መጻፍ ነው። መታወቂያዋ ላይ ከተጻፈው ወይም እርሷ ከምታስታውሰው ቁመት 4 ሴንቲሜትር ያህል አጥራ ከተገኘች፣ ሳታውቀው የተሰበረ አከርካሪ ሊኖር ስለሚችል ጂምናስቲኩ ከመጀመሩ በፊት ጀርባዋ ራጅ ይነሣ።