አጥንት ያልጠየቀ ትዳር

በላስታ ደጋ ከዒድ በኋላ ልጅ ለመዳር ያሰቡ ቤተሰቦች በረመዷን ወር ይመካከራሉ። በምክሩ መሐል ግን ከልጁ ዲንና ጠባይ ይልቅ «አጥንቱ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ከቀጥቃጭ፣ ከሸማኔ ወይም ከሸክላ ሠሪ ቤት የተወለደ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቀራል። መልኩ የጠቆረም እንዲሁ። ስለዚህ ዛሬ የአንዲት ሐበሻዊትን ትዳር ልናስታውስ ወደድን።

በረካ፣ በሌላ ስማቸው ኡሙ አይመን (ረ.ዐ)፣ በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አባት ቤት ያገለገሉ ሐበሻዊት ናቸው። የነቢዩ እናት አሚና አብዋእ ላይ ሲሞቱ የስድስት ዓመቱን ልጅ ወደ መካ ይዘው የተመለሱት እሳቸው ነበሩ። ነቢዩም እንደ እናት አከበሯቸው።

ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ) የከልብ ጎሣ ዐረብ ናቸው። በልጅነታቸው ተማርከው ተሸጡ። አባታቸው ፈልገው ቢያገኟቸውም ከነቢዩ ቤት መለየትን አልወደዱም። በረካ የመጀመሪያ ባላቸው ከሞቱባቸው በኋላ ያገቧቸው ዘይድ ናቸው። በዕድሜ ቢበልጧቸውም፣ መልካቸውና አገራቸው ቢለያይም፣ ጎጆው ቆመ፤ ኡሳማም ተወለደ።

ኡሳማ በመልኩ ጠቆር ያለ፣ ዘይድ ግን ነጣ ያሉ ስለነበሩ ልጁ የሳቸው አይደለም የሚል ሐሜት ተነሣ። አንድ ቀን አባትና ልጅ ራሳቸውን ተሸፋፍነው፣ እግራቸው ብቻ ታይቶ ተኝተው ሳለ፣ የሰው ዘር በመልክ በመለየት የታወቀው ሙጀዚዝ አያቸው። እግሮቹ የአባትና የልጅ መሆናቸውንም መሰከረ። ነቢዩ ይህን ለባለቤታቸው ለዓኢሻ ሲነግሩ ፊታቸው በደስታ ያበራ ነበር። ሐሜት ያቆሰለው ቤት ክብሩ ሲመለስለት እንዲህ ተደሰቱ።

ዘይድ እ.ኤ.አ. በ629 ሙእታ ላይ ጦር ሲመሩ ወደቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ታላላቅ ሰሓቦች ያሉበትን ጦር እንዲመራ የተሾመው ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው የሐበሻዊቷ ልጅ ኡሳማ ነበር።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ የሰው ብልጫ በተቅዋ እንደሆነ ያስተምረናል። ይህን በመስጊድ እየቀራን በቤታችን አጥንት ብንቆጥር ቂርኣታችን ከጉሮሮ አላለፈም ማለት ነው። ከዒድ በኋላ ሽማግሌ ደጃችን ሲቆም ስለ ልጁ ሶላት፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ሥራው እንጠይቅ። አጥንቱን ለፈጠረው እንተውለት።