ለእንጨት መቅረጫ ማሽን የሚገዛው ኮምፒዩተር በመንዝ ደጋ ምን ዓይነት ቢሆን ይበጃል?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ እንጨት የሚጠርበው አናጢ ከመጥረቢያ፣ ከመሮና ከመላጊያ ሌላ ብዙ መሣሪያ ሳያሻው ኖሯል። በሩና መስኮቱ፣ አትሮንሱ፣ ዱካውና የአልጋው ራስጌ የሚወጣው ከእጁ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በሚገኙ የእንጨት ሥራ ቤቶች በኮምፒዩተር የሚመራ መቅረጫ፣ በተለምዶ ሲኤንሲ የሚባለው ማሽን፣ እየተለመደ መጥቷል። ከእነዚህም መካከል ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ዓይነት በአንድ ሰው ወይም በአንድ ትንሽ ማኅበር አቅም ሊገዛ የሚችል ስለሆነ፣ መሬት ያልደረሳቸውን ወጣቶች በሥራ ለማሰማራት ለሚያስቡ የገበሬ ማኅበርና የኅብረት ሥራ መሪዎች ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ ሆኗል።

ሆኖም ከበግና ከገብስ ሽያጭ የተጠራቀመ የማኅበር ገንዘብ በከንቱ ሊቀር ከሚችልባቸው መንገዶች አንዱ ማሽኑን የሚመራው ኮምፒዩተር ያለ በቂ ጥናት መገዛቱ ነው። ሻጭ ውዱን ያሞግሳል። ውዱ ኮምፒዩተር ግን ለዚህ ሥራ የግድ የተሻለ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ የማይሠራው እርሱ ይሆናል። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት የማሽኑን አሠራር ማየት ያስፈልጋል።

ባና ሲሠራ ያየ የመንዝ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ሸማኔው የትኛው ክር እንደሚነሣና የትኛው እንደሚወርድ በልቡ ይዞ ይሠራል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ዣካር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ያንን ትእዛዝ ከሸማኔው ልብ አውጥቶ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ላይ አሰፈረው፤ መሸመኛውም ቀዳዳውን እየተከተለ ክሩን ያነሣና ይጥል ጀመር። በ1952 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ቀዳዳ ባለው ወረቀት ትእዛዝ የሚመራ የብረት መቅረጫ ማሽን ለሕዝብ ታየ። የዛሬው የእንጨት መቅረጫ የዚያ ልጅ ነው። በወረቀቱ ፈንታ «ወደ ቀኝ ይህን ያህል ሂድ፣ ይህን ያህል ጥለቅ» የሚሉ መስመሮች የተጻፉበት ፋይል ይሰጠዋል።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሞተሮች በሦስት አቅጣጫ ይሠራሉ፤ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች። የተለመደው ሞተር አንድ ዙር የሚሞላው በ200 እርምጃ ነው። መቆጣጠሪያው እያንዳንዱን እርምጃ በ8 ሲከፍለው አንዱ ዙር 1,600 የኤሌክትሪክ ምት ይጠይቃል። በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ጥርስ ያለው ማሽን እንግዲህ ለ1 ሚሊ ሜትር 320 ምት ያሻዋል። በሴኮንድ 50 ሚሊ ሜትር በሚሄድበት ጊዜም በየሴኮንዱ 16,000 ምት፣ አንዱም ሳይዘገይ፣ ሊደርሰው ይገባል ማለት ነው። ከእነዚህ ጥቂቱ ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ ሞተሩ እርምጃ ይስታል። ያን ጊዜ የተጀመረው መስቀል ግማሹ ከግማሹ ሳይገጥም ይቀራል፤ ሳንቃውም ለማገዶ ይሆናል።

ዘመናዊው ኮምፒዩተር ይህን ማድረግ የሚያቅተው ጉልበት አንሶት አይደለም። በአንድ ጊዜ ብዙ ጉዳይ ስለሚይዝ ነው። ሶፍትዌሩን ያድሳል፣ ቫይረስ ይፈትሻል፣ ባትሪ ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰነድ ለሚጽፍ ሰው ይህ አይታወቅም፤ 16,000 ምት ለሚጠብቅ ሞተር ግን በየመካከሉ ዞር የሚል እረኛ እንደማለት ነው።

ስለዚህ ማሽኑን ለመምራት ከተለመዱት መንገዶች ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው ኮምፒዩተሩ ራሱ ምቱን የሚልክበት የቆየ አሠራር ሲሆን፣ ለዚህም በድሮ ኮምፒዩተሮች ጀርባ የሚገኘው ሰፊው የፕሪንተር መሰኪያ፣ ፓራለል ፖርት የሚባለው፣ ያገለግላል። በዚህ መንገድ ከሚሠሩት ሶፍትዌሮች ማክ ስሪና ሊኑክስ ሲኤንሲ ይታወቃሉ። ማክ ስሪ በዚህ መሰኪያ የሚሠራው በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፤ አዲስ ባለ 64 ቢት ኮምፒዩተር ገዝቶ በዚህ መንገድ ለማሠራት መሞከር ገንዘብ መጣል ነው። ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚቀይረው ገመድም ለፕሪንተር እንጂ ለዚህ አይሆንም። ሊኑክስ ሲኤንሲ በነፃ የሚገኝ ሲሆን ኮምፒዩተሩ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካ መፈተሻ አብሮት ይመጣል። ውጤቱ ከ20 ማይክሮ ሴኮንድ፣ ማለትም ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ 20 እጅ፣ ካልበለጠ ኮምፒዩተሩ ጥሩ ነው፤ 100 ካለፈ ለዚህ አሠራር አይመከርም። ላፕቶፖች ኃይል ለመቆጠብ ስለተሠሩ በዚህ ፈተና ብዙ ጊዜ ይወድቃሉ።

ሁለተኛው መንገድ ምት መላኩን ለአንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መስጠት ነው። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቀው ግርብል የተባለው ነፃ ፕሮግራም አርዱዊኖ በምትባል ርካሽ ሰሌዳ ላይ ተጭኖ ይህን ያደርጋል። ሰሌዳዋ ሌላ ሥራ የላትም። ኮምፒዩተሩ የትእዛዙን መስመር በዩኤስቢ ገመድ ከማቀበል በቀር ጣጣ ስለሌለበት ያገለገለ ላፕቶፕም ይበቃዋል። ሦስተኛው በእጅ የሚያዝ ቁልፎችና ትንሽ መስኮት ያለው መቆጣጠሪያ ነው። ይህኛው ፋይሉን ከፍላሽ ዲስክ ራሱ ስለሚያነብ ከማሽኑ አጠገብ ኮምፒዩተር ጨርሶ አያስፈልግም።

ለደጋው ማኅበር ሦስተኛው ወይም ሁለተኛው ይሻላል። ምክንያቱም ንድፍ የሚወጣበት ኮምፒዩተር አቧራ ከሌለበት ከጽሕፈት ቤቱ ሳይወጣ፣ ማሽኑ በሥራ ቤቱ ሊሠራ ይችላል። የእንጨት ብናኝ ወደ ኮምፒዩተር ማራገቢያ ገብቶ ሙቀቱን ያፍናል፤ የሠራተኛውን ሳንባም እንደዚሁ፣ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ካልተገዛለት። ንድፍ ለማውጫው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ በቂ ነው። ለጽሑፍና ለሐረግ 4 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ያንቀሳቅሰዋል፤ ጎላ ጎድጎድ ያለ ምስል ለማውጣት ግን ከ8 ባያንስ ይመረጣል። የዊንዶውስ 10 የጥገና አገልግሎት በጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) ያበቃ ስለሆነ ይህን የያዘ ኮምፒዩተር ሲገዛ ከኢንተርኔት ተለይቶ ለዚሁ ሥራ ብቻ ቢውል ይመረጣል። ፍላሽ ዲስኩም እንደዚሁ፤ ዘፈንና ፊልም እየተገለበጠበት ከቤት ቤት የሚዞር ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል።

አሁን ወደ አገሩ ጠባይ እንምጣ። የአዲስ አበባ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የማያነሣው ይህን ነውና። ዓለም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የጓሳ ሣር ምድር ደግሞ ከ3,200 ይጀምራል። ባቄላ በመንዝ ድስት ከቆላው ይልቅ ቆይቶ የሚበስለው በዚሁ የአየር መሳሳት ምክንያት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ከመቶ ሰባ እጅ ገደማ ቢሆን ነው።

ይህ ከኮምፒዩተር ጋር ምን አገናኘው ቢባል፣ ሃርድ ዲስክ የሚባለው የማስቀመጫ ዕቃ በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን አለው፤ በሳሕኑ ላይ የሚያነበው ጫፍ ሳይነካው የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ሳሕኑ ይቀርባል። ስለዚህ ብዙዎቹ አምራቾች ዕቃቸው እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንዲሠራ ብቻ ዋስትና ይሰጣሉ። ለመሐል ሜዳና ከዚያ በላይ ላለው አገር እንግዲህ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ የተባለው መግዛት አለበት። ያገለገለ ኮምፒዩተር ሲገዛ ሃርድ ዲስኩን አስወጥቶ በኤስኤስዲ ማስተካት ቀላል ሥራ ነው። ለመርሐ ቤቴ ግን ይህ ግዴታ አይሆንም።

ስስ አየር ሙቀትንም በደንብ አይወስድም። የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይል የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲያገለግል ታስቦ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ እጅ ያህል እንደሚቀንስ ይታሰባል። በመንዝ እንግዲህ ከመቶ ሃያ እጅ ገደማ ይጎድላል፤ ማሽኑ በመጽሐፉ ላይ በተጻፈው ፍጥነት ቢነዳ ይግላል። በውሃ የሚቀዘቅዘው የመቅረጫ ሞተር ጸጥ ያለና የተወደደ ነው፤ ነገር ግን ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ውሃው በውስጡ ቢረጋ ሊሰነጥቀው ይችላል። ማታ ማታ ማንቆርቆር የሚረሳ ሠራተኛ ካለ በአየር የሚቀዘቅዘውን መግዛት ይሻላል። የሚረሳ ደግሞ አይጠፋም።

መብራት የመጥፋቱን ነገር ማንም ሳይነገረው ያውቀዋል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ሥራው አይቋረጥም ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ቢቆይም ሞተሮቹ ይቆማሉ፣ ማሽኑም የቆመበትን ቦታ ይረሳል። ከዚህ የከፋው ዩፒኤስ ለኮምፒዩተሩና ለአንቀሳቃሾቹ ሞተሮች ብቻ ተሰጥቶ እንጨቱን የሚቀርጸው ሞተር ያለ ዩፒኤስ ሲቀር ነው። መብራት ሲጠፋ መቅረጫው ይቆማል፣ አንቀሳቃሾቹ ግን መግፋታቸውን ይቀጥላሉ፤ ያልዞረው ጫፍ ሳንቃው ውስጥ ይሰበራል። ወይ ሁሉም አብረው ይቁሙ፣ ወይ ሁሉም አብረው ይቆዩ። ለብዙዎቹ አብሮ መቆሙ ይቀላል፤ ከዚያም ሥራው ከተጀመረበት ነጥብ እንደገና እንዲነሣ ነጥቡ በሳንቃው ጥግ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ ምን ያህል መስመር እንደተሄደም በመዝገብ ይያዛል። ቮልቴጁ ለሚዋዥቅበት ቀበሌ ስታቢላይዘር ከኮምፒዩተሩ ቀድሞ የሚገዛ ዕቃ ነው። የማሽኑ ብረት ከምድር ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ሊኖረው፣ የዩኤስቢውም ገመድ አጭርና የተሸፈነ ሊሆን ይገባል፤ አለበለዚያ የመቅረጫው ሞተር የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ረብሻ መስመሩን ይበጥሰዋል።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ተቀርጾ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ለአናጢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆነው ወጣት ግን አያውቀው ይሆናልና አናጢው ከሥራው ባይለይ ጥሩ ነው።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ማኅበሩ የራሱን ደረቅ ሳንቃ ይዞ ወደ ሻጩ ይሂድ። የመነሻው ነጥብ በእርሳስ ይመልከት፤ ማሽኑ ሊሸጥ ከታሰበው ኮምፒዩተር ወይም መቆጣጠሪያ ጋር ሆኖ ሁለት ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ይቅረጽ። ሲጨርስም ወደ መነሻው እንዲመለስ ይታዘዝ። ጫፉ በእርሳሱ ምልክት ላይ ካረፈ በዓይን የሚለይ ያህል ምት አልጠፋም። ከምልክቱ ከራቀ ግን ምክንያቱ ተገኝቶ ፈተናው እስኪደገም ድረስ ክፍያው ይቆያል።