ሳይጠየቅ የቀረው ማን ነው?

የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ስንት ሰው እንደያዘና ስንቱን እንደገደለ በየዕለቱ ይነገር ነበር። ቤቱ የተዘጋበት ሰው ጭንቀትና ብቸኝነት ግን በሆስፒታል መዝገብ ላይ አይገኝም። ይህንን ለማወቅ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2020፣ ብሪታኒያ የእንቅስቃሴ ገደብ ከማወጇ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ በኢንተርኔት የሚሞላ መጠይቅ አሰራጩ። ከ70 ሺሕ በላይ አዋቂዎችም ተሳተፉ።

የጥናቱ ቁም ነገር ያንኑ ሰው ደጋግሞ መጠየቁ ነው። በየጊዜው ሌላ ሌላ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ፣ የተለወጠው ስሜቱ ይሁን ተጠያቂው ለመለየት ያስቸግር ነበር። በዚህ ዘዴ ጭንቀትና ድብርት በገደቡ መጀመሪያ ላይ በርትቶ እንደነበረና ገደቡ ሳይነሳ መቀነስ እንደጀመረ ለማወቅ ተችሏል።

ይሁንና ተሳታፊዎቹ በዕጣ የተመረጡ ሳይሆኑ በፈቃዳቸው የመጡ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የዕድሜ፣ የፆታና የትምህርት ስብጥሩን ከአገሪቱ ሕዝብ ጋር በስሌት አመጣጥነዋል። ኢንተርኔት የሌለውን ሰው መልስ ግን ስሌት አይተካውም።

በአገራችንም የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ተመሳሳይ ክትትል ያካሄደው በስልክ ሲሆን፣ ደጋግሞ የጠየቀውም ቀደም ሲል ከተጠኑ ቤተሰቦች መካከል ስልክ የተገኘላቸውን ነው። ስልክ ያልተገኘለት ቤት እዚህም አልተደወለለትም።

ድጋፍ ለማን ይድረስ የሚለው ውሳኔ በእንዲህ ዓይነት መረጃ ላይ የሚመሠረት ከሆነ፣ ስንት ሰው መለሰ ከማለት አስቀድሞ ማን ሳይጠየቅ ቀረ ብሎ መመርመር ይገባል።