የሐረርጌ አሮጌ ሳንቲሞች፦ ብዛት ወይስ ጥራት?

ከጭሮ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሂርና እና በዙሪያዋ ያሉ የጨርጨር ከተሞች ገንዘብ በየዘመኑ በተለዋወጠበት በሐረርጌ ምድር ላይ የተቆረቆሩ ናቸው፤ የሐረር አሚሮች ያስመቱት ማሐለቅ፣ የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር፣ የዳግማዊ ምኒልክ ብር፣ ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ የጣሊያን ሊሬ፣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የእንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ በመጨረሻም በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ብር በዚህ ምድር ተራ በተራ አልፈዋል። ስለዚህ በአካባቢው አሮጌ ሳንቲም መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባው ጉዳይ፣ ያገኘውን ሁሉ ያከማች ወይስ ጥቂት ምርጦችን ብቻ ይያዝ የሚለው ነው።

ብዛት የሚያታልለው በተለይ በጠገራ ብር ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል የሆነውና ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር የሆነው ይህ ገንዘብ በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት ይዟል፤ ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ብትሞትም ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ሲመታ ኖሯል። ሃምሳ ጠገራ ያለው ሰው እንግዲህ ሃምሳ ጊዜ 1780ን ይዟል ማለት ነው። 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያላቸው የኢትዮጵያ የመዳብ ሳንቲሞችም እንዲሁ የተጻፈባቸው ዓመት ሳይቀየር ለብዙ ዓመታት ስለተመቱ፣ ዕድሜያቸውን ከጽሑፋቸው ብቻ ማወቅ አይቻልም። ከእነዚህ መካከል ለየት ያለ ታሪክ ያለው ባለ 25 ሳንቲሙ ነው፤ መጀመሪያ ጠርዙ ድፍን ክብ ነበረ፣ ነገር ግን ብር ቀለም እየተቀባ ባለ 50 ሳንቲም ተብሎ መሰጠት በመጀመሩ ጠርዙ ዙሪያውን ሞገድ እንዲመስል ተደርጎ ተቆረጠ። ክቡንና ጠርዙ የተቆረጠውን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰብሳቢ፣ ባለ አምስት ሳንቲም በጆንያ ከሞላ ሰው የበለጠ የሚያሳየው ነገር አለው።

ጥራት ሲባል የሳንቲሙ የመበላት መጠን፣ የምቱ ጥርትነትና የገጹ ንጽሕና በአንድነት የሚታዩበት መመዘኛ ነው፤ በዓለም ገበያ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ደረጃ የሚለካ ሲሆን፣ መለኪያውን አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን በ1949 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ለአገሩ የጥንት የመዳብ ሳንቲሞች ነበር። በዚህ ሚዛን የሐረርጌ ጠገራ ብዙውን ጊዜ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ለአንገት ጌጥ ሲባል ተበስቷል ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። ከዚያ የከፋው ግን ባለንብረቱ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ እንዲያብረቀርቅ ብሎ በሎሚና በአመድ የሚፈትገው ሳንቲም በዘመን ብዛት ያገኘውን የገጽ ቀለም ያጣል፣ ይህም ተመልሶ የማይመጣ ነው።

ሆኖም የውጭው ሚዛን ለሁሉም አይሠራም። የአሚሩን ስምና የሒጅራውን ዓመት በዐረብኛ ፊደል የያዘው ማሐለቅ ትንሽና ቀጭን፣ አመታቱም ሸካራ ስለሆነ፣ እንከን የለሽ ማሐለቅ የሚጠብቅ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል፤ በዚህ ረገድ ስሙና ዓመቱ መነበቡ በቂ ጥራት ነው። የተበሳ ጠገራም በቪየና ነጋዴ ዘንድ ጉድለት ቢሆንም፣ ለአገሬው ታሪክ ገንዘቡ ጌጥም እንደነበረ የሚመሰክር ማስረጃ ነው፤ ከነሰንሰለቱ ከተገኘ ደግሞ መነጠል የለበትም። ብዛትም አንድ ቦታ አለው፦ የጠገራን የአመታት ልዩነት፣ ማለትም የዘውዱንና የደረት ጌጡን ዕንቁዎች፣ ከምስሉ ሥር ያለውን የኤስ ኤፍ ፊደል አጣጣልና የንስሩን ላባዎች አነጻጽሮ የተመታበትን ከተማ ለመለየት የሚሻ ሰው ብዙ ጠገራ ማየት ግድ ይለዋል። ይህ ግን የአጥኚ ሥራ እንጂ የጀማሪ አይደለም።

ጀማሪ ያለው ገንዘብ ለአንድ ግዢ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከብዙ ጠገራ ይልቅ ያልተበሳና ያልተፈተገ፣ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈው ዓመቱ የሚነበብ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) ወይም ተሙን (የብር ስምንተኛ) ቢይዝ ይሻለዋል። በገዛበትም ቀን ከየትኛው ከተማና ከማን ቤት እንደ ወጣ ሻጩን ጠይቆ ከሳንቲሙ ጋር በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ይጻፍ።