ከ10 ስምንት የማያዋጣበት ገበያ

በትምህርት ቤት ከ10 ስምንት ያመጣ ተማሪ ይመሰገናል። በአሜሪካ የቤት ለቤት ሕክምና ገበያ ግን 8 ነጥብ ብዙም አያኮራም። ለሕዝብ ይፋ የሚደረገው 9 ወይም 10 የሰጡ ታካሚዎች ድርሻ ነውና።

ነጥብ ሰጪዎቹ ታካሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። በዋናነት የአረጋውያንን ሕክምና የሚሸፍነው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬር፣ ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቤታቸው ድረስ የሚመጣላቸውን ሰዎች አስተያየት በመላ አገሪቱ በመጠይቅ ማሰባሰብ የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ። ባለሙያው የሚመጣበትን ሰዓት አስቀድሞ ያሳውቅ እንደሆነ፣ በጥሞና ያዳምጥ እንደሆነ፣ ስለ መድኃኒቱ ያስረዳ እንደሆነ፣ ቢሮ ሲደወል ምላሽ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚቆይ ይጠይቃሉ። መጠይቁን የሚያካሂዱት በመንግሥት የጸደቁ ገለልተኛ ተቋማት ሲሆኑ ወጪውን የሚሸፍነው ግን ድርጅቱ ነው። ታካሚው መመለስ ካልቻለ ቤተሰቡ ሊመልስለት ይችላል፤ የድርጅቱ ሠራተኛ ግን አይፈቀድለትም።

የገንዘቡ ጉዳይ ቀላል አይደለም። መጠይቁን ያላስደረገ ድርጅት ከሜዲኬር ዓመታዊ የክፍያ ማስተካከያ 2 የመቶኛ ነጥብ ይቀነስበታል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ውጤቱም ዋጋ አለው። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ በተዘረጋው ሥርዓት የታካሚዎች መልስ ከሌሎች የጥራት መለኪያዎች ጋር ተደምሮ ከ2025 ጀምሮ ክፍያን እስከ 5 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ስሌት በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ከሜዲኬር የሚያስገባ ድርጅት እስከ 50 ሺሕ ዶላር ሊያገኝ ወይም ሊያጣ ይችላል።

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ በዘርፉ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ባለሀብት ሁለት ነገሮችን መለየት ይኖርበታል። አንደኛ፣ ማጠብና ማልበስን የመሰለ እንክብካቤ ብቻ የሚያገኙ ደንበኞች በመጠይቁ አይካተቱም። ሁለተኛ፣ በዓመት መስፈርቱን የሚያሟሉ ከ60 ያነሱ ታካሚዎች ያሉት ድርጅት ነፃ እንዲሆን ማመልከት ይችላል።

ከዚህ መጠን በላይ ላሉ አነስተኛ ድርጅቶች እያንዳንዱ መልስ ይከብዳል። መላሾቹ 40 ቢሆኑና አንዱ ብቻ ከ9 ወደ 8 ቢወርድ፣ ከማስተካከያ በፊት ውጤቱ 2.5 የመቶኛ ነጥብ ይቀንሳል። ነርሷ ትራፊክ ይዟት ስትዘገይ ለታካሚዋ ደውላ ብታሳውቅ ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በር በሩን ሲያዩ ያረፈዱት አዛውንት ግን መጠይቁ ሲደርሳቸው ያንን ቀን አይረሱትም።