የቀይ ባሕር ዓሣ በመስተዋት ገንዳ
ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ ወደ ዳህላክ ደሴቶች በጀልባ የሚጓዝ ሰው፥ ውሃው በጠራበት ስፍራ ወደ ታች ቢመለከት፥ ኮራል በሚባለው ሕያው የባሕር አለት መካከል ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ ዓሦች ሲመላለሱ ያያል። እንዲህ ያሉትን ዓሦች በሕይወታቸው አጥምዶ፥ አኳሪየም በተባለው የመስተዋት ገንዳ ማኖር በብዙ አገር የታወቀ ልማድ ነው፤ ለነጋዴም የገቢ ምንጭ ይሆናል። ይሁን እንጂ ስሙንና ጠባዩን ሳያውቁ ዓሣን ማጥመድ፥ ዓሣውንም ገንዘቡንም በከንቱ ማጥፋት ነው።

ለዚህ ነገር ሁለት የቀይ ባሕር ዓሦች ምስክር ይሆናሉ። ሁለቱም ቢራቢሮ ዓሣ ከሚባለው ወገን ሲሆኑ፥ ኩቪዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1831 ስም አወጣላቸው። አንደኛው ኬቶዶን ሴሚላርቫተስ ይባላል፤ ገላው ቢጫ ሆኖ ከዓይኑ በስተኋላ ሰማያዊ ምልክት አለው። ሁለተኛው ኬቶዶን ላርቫተስ ነው፤ በመጠኑ አነስ ያለ፥ ራሱ ብርቱካናማ፥ ገላው ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ነው። ስማቸው የተቀራረበ ስለ ሆነ በመዝገብ ላይ አንዱ በሌላው ሊተካ ይችላል፤ አኗኗራቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። ፊተኛው የሚሰጠውን ምግብ መብላት ስለሚለምድ በገንዳ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። ኋለኛው ግን ምግቡ ሕያው ኮራል ስለ ሆነ፥ በገንዳ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በረኃብ ይሞታል። እንግዲህ ይህኛውን በባሕሩ መተው ይገባል።

ዓሣን በቀለሙ ብቻ መለየትም ያሳስታል። የንጉሠ ነገሥት ዓሣ የሚባለው በልጅነቱ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ክብ መስመሮች ይታዩበታል፤ ሲያድግ ግን ቢጫና ሰማያዊ ሸንተረር ያወጣል። ሊቃውንት እንኳ ልጁንና አዋቂውን በአንድ ወቅት እንደ ሁለት ልዩ ዓሣ ቆጥረዋቸው ነበር።

ውሃውም እንደ ዓሣው መታወቅ አለበት። አንድ ኪሎ የውቅያኖስ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፥ የቀይ ባሕር ውሃ እስከ 40 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ዓሣ ወደ አዲሱ ውሃ በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ መግባት ይኖርበታል። ደግሞም ከዓሣው እድፍ የሚወጣውን አሞንያ የተባለ መርዝ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ እስኪበዙ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ገንዳውን ዛሬ ሠርቶ ዛሬውኑ ዓሣ የሚሞላበት ሰው ሟች ዓሣ ይገዛል።

የሰለቹትን ዓሣ ወደ ባዕድ ባሕር መልቀቅም ከባድ ጥፋት ነው። በሕንድና በፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚኖረው፥ መርዛም እሾህ ያለው አንበሳ ዓሣ በ1985 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ጠረፍ ታየ። ከአኳሪየም የተለቀቀ እንደ ሆነ ይታመናል፤ ከዚያ ወዲህ በካሪቢያን ባሕር ተባዝቶ የስፍራውን ዓሦች ሲፈጅ ይገኛል።

እንግዲህ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም የዓሣውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ስሙንም ሊጠይቅ፥ ነጋዴውም ከመረቡ በፊት የዓሣውን ምግብ ሊያውቅ ይገባዋል። በሕይወቱ የሚሸጥ ዕቃ ዋጋው በሕይወቱ ነውና።